አራተኛዋ ፊደል

ሄለን፦ ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የፈንገሶች ሳይንሳዊ ስያሜና አመዳደብ ነው። ሻጋታው፣ እርሾው፣ እንጉዳዩ፣ ቋቁቻው፣ የስንዴ ዋጉ፣ እነዚህ ሁሉ እንዴት ስም ይወጣላቸዋል፣ ከማን ጋር ይመደባሉ የሚለውን እናወራለን። ናሆም ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ነገር ሲደውልልኝ ነው የከረመው።

ናሆም፦ ምን ላድርግ፣ ደስ ይለኛል። እሺ፣ ከሊኒየስ እንነሳ። ስዊድናዊው። በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ የዕፅዋትን ባለ ሁለት ቃል ስም ያጸናው እሱ ነው። ፈንገሶችን ከዕፅዋት ጋር ነው የከተታቸው፣ አበባ ከሌላቸው ጎራ፣ ከፈርንና ከአልጌ ጎን። ግን ልቡ ያረፈ አይመስልም። በ1767 እትሙ ላይ ኬዮስ የሚል ጂነስ፣ ማለትም የፍጥረታት ወገን፣ አለው፣ ትሎቹ ክፍል ውስጥ። የት እንደሚያደርጋቸው የቸገሩትን ጥቃቅን ነገሮች እዚያ ሰበሰባቸው፤ የፈንገስ ዘርም እዚያ ገባ።

ሄለን፦ ትል ውስጥ?

ናሆም፦ ትል ውስጥ! በዘመኑ የፈንገስ ብናኝ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወደ ጥቃቅን ትል ይለወጣል የሚል ሰው ነበር። ከዚያ ወደ 200 ዓመት ገደማ ዕፅዋት ሆነው ቆዩ። ሮበርት ዊተከር በ1969 ሕይወት ያለውን ሁሉ በአምስት ኪንግደም፣ በአምስት ትልልቅ ክፍሎች፣ ሲከፍል ነው ፈንገስ የራሱን ቤት ያገኘው። በ1993 ደግሞ ጂኖቻቸውን ያነጻጸሩ ሰዎች ፈንገስ የሚቀርበው ለእንስሳት ነው አሉ። ለዕፅዋት አይደለም።

ሄለን፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። እንጉዳይ ከጎመን ይልቅ ለበግ ይቀርባል ነው የምትለኝ?

ናሆም፦ አዎ።

ሄለን፦ ናሆም፣ ጾም ላይ ነን እኮ! ትናንት ምሳዬ የእንጉዳይ ጥብስ ነው!

ናሆም፦ (ሳቅ) ብዪ፣ ምንም አይልሽም።

ሄለን፦ እንዴት ምንም አይለኝም? አንተ ራስህ ነህ አሁን የበግ ዘመድ ያደረግከው።

ናሆም፦ ዘመድነቱ እኮ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው የተለያየው። ጾም ደግሞ በዘር ሐረግ አይደለም የሚለካው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ነው የተከለከለው። እንጉዳይ ደም የለው፣ ወተት የለው።

ሄለን፦ ዓሣንም እኮ ይበላል የሚል አለ፣ አይበላም የሚል አለ። ለዓሣ ያልተቋጨ ነገር ለእንጉዳይ በምን ተቋጨ?

ናሆም፦ እሱን ለአባቶች እንተወው። እኔ የምነግርሽ የአካሉን ነገር ነው። የፈንገስ ሴል ግድግዳ ካይቲን አለው። ካይቲን የጥንዚዛ ጀርባ፣ የአንበጣ ልባስ የሚሠራበት ነገር ነው። ምግቡን የሚያጠራቅመውም እንደ ዕፅዋት በስታርች አይደለም፣ በግላይኮጅን ነው። እኛ ጉበታችን ውስጥ የምናስቀምጠው ማለት ነው።

ሄለን፦ በጉ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ አንበጣ ጨመርክልኝ። እማዬ ይህን ብትሰማ! እሷ እኮ እንጉዳይ ቤቷ አይገባም። ክረምት ላይ አጥሩ ሥር ሲበቅል «የጅብ ጥላ ነው፣ እንዳትነኩት» ትለን ነበር። ሱፐርማርኬት በፓኬት የታሸገውን ባሳያትም ያው የጅብ ጥላ ነው።

ናሆም፦ እማዬ ልክ ናቸው እኮ። ዱር የበቀለውን ማንም ሰው በዓይኑ ለይቶ መብላት የለበትም። የሚገድለውና የሚበላው ጎን ለጎን ይበቅላሉ፣ መልካቸውም ይመሳሰላል። ስም የማውጣት ሥራ ዋናው ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

ሄለን፦ እሺ፣ ግን ለእንስሳ ቢቀርብ ለዕፅዋት ቢቀርብ፣ ለእኔ ምን ለውጥ ያመጣል? ከጥብሱ ሌላ ማለቴ ነው።

ናሆም፦ ብዙ! የፈንገስ መድኃኒት መሥራት ለምን ከባድ ሆነ? ባክቴሪያ ከእኛ በጣም የራቀ ነው፣ እሱን የሚገድል እኛን የማይነካ ነገር ይገኛል። ፈንገስ ግን ሴሉ ከእኛ ሴል ጋር ይመሳሰላል። እሱን የሚመታው እኛንም እንዳይመታ ልዩነቱን ፈልጎ ማግኘት አለብሽ። አንዱ ልዩነት የሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ቅባት ነው፤ እኛ ኮሌስትሮል እንጠቀማለን፣ እሱ ኤርጎስቴሮል። ለቋቁቻና ለጭርት የሚሰጡት ብዙዎቹ መድኃኒቶች እዚያ ላይ ነው የሚሠሩት። የስንዴ ዋግ የሚረጨውም እንደዚያው።

ሄለን፦ ያው ነው? የቋቁቻውና የስንዴው?

ናሆም፦ አንድ አይደሉም፣ ግን የሚመቱት ቦታ አንድ ነው። አሁን ድንችን እዪ። ቅጠሉን አጥቁሮ በሳምንት ማሳውን የሚጨርሰው በሽታ፣ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ፣ ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው እሱ፣ ሲታይ ሻጋታ ይመስላል፤ ለረጅም ጊዜ ፈንገስ ይባል ነበር። አሁን ከፈንገስ ወጥቷል። ዘመዶቹ የባሕር ቡናማ አልጌዎች ናቸው። ኤርጎስቴሮል አይሠራም። ስለዚህ ለስንዴው የገዛሽውን ቲልት የሚባል የዋግ መድኃኒት ድንቹ ላይ ብትረጪ ብርሽን ነው የረጨሽው። አጎቴ አንድ ጊዜ የተረፈውን ድንቹ ላይ ሊያደርግ ሲል ነው የያዝኩት። «ሁለቱም ሻጋታ አይደለም?» አለኝ። ምን ያድርግ፣ በዓይን ሲታይ ልክ ነው።

ሄለን፦ የባሌው አጎትህ?

ናሆም፦ የባሌው። ሮቤ አካባቢ ነው የሚያርሰው። እንዲያውም ዛሬ ማውራት የምፈልገው የእሱን ስንዴ ነው።

ሄለን፦ ርዕሳችን ስያሜ ነው ብለን ነበር...

ናሆም፦ ስያሜ ነው እኮ! ስሚኝ። በእኛ አቆጣጠር በ2003 የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ የገባበትን ዓመት ታስታውሺያለሽ? ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ የፈጀው ጊዜ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ሁሉ ወደ ዲጋሉ ዞረ። ዲጋሉ ቢጫ ዋጉን ይችላል፣ ዩጂ 99 የሚባለውን የግንድ ዋግም ይችላል። አጎቴም ማሳውን በሙሉ ዲጋሉ ዘራ። ኅዳር 2006 ላይ ሄጄ ነበር። ከሩቅ አረንጓዴ ነው፣ ያምራል። ውስጡ ገብተን ትንሽ እንደተራመድን ሱሪያችን እስከ ጉልበት ቀላ፣ የተፈጨ ሸክላ የተነሰነሰበት ይመስል። አገዳውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ዱቄቱ ይወጣል። አጎቴ አንዱን ዛላ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና ፍሬውን አየው፤ የተጨማደደ፣ ገለባ ነው። ምንም አላለም።

ሄለን፦ ውይ።

ናሆም፦ ዋግ መታው። አሁን እዪ፣ «ዋግ» ገበሬው የሚጠራበት አንድ ስም ነው። ከስሙ ሥር ግን ሦስት የተለያዩ ፈንገሶች አሉ። ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግ፣ የግንድ ዋግ። የግንዱ ፑክሲኒያ ግራሚኒስ ነው፤ ስሙን በ1794 ያወጣለት ፐርሱን የሚባል የፈንገስ ተመራማሪ ነው።

ሄለን፦ ስለዚህ አንድ ስም፣ ሦስት ፈንገስ።

ናሆም፦ አውሮፓ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነበር። አንድ ፈንገስ፣ ብዙ ስም! ይሄው የግንድ ዋግ ባርቤሪ የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ ሲወጣ ቢጫ ጽዋ ጽዋ የሚመስል ነገር ያበቅላል። ኤሲዲየም በርበሪዲስ ተባለ፣ ሌላ ፍጥረት ነው ተብሎ። ስንዴ ላይ ቀይ ሲሆን ሌላ ስም፣ መኸር ሲደርስ ሲጠቁር ሌላ ስም። ገበሬዎቹ ግን ባርቤሪ አጠገብ ያለ ስንዴ እንደሚመታ ያዩ ነበር። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በ1755 ባርቤሪ ይነቀል የሚል ሕግ ወጣ። ሳይንሱ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ አንቶን ደ ባሪ የተባለ ጀርመናዊ በ1865 ገደማ ከስንዴው ያለውን ወስዶ ባርቤሪው ላይ አደረገና ያው አንድ ፍጥረት መሆኑን አሳየ።

ሄለን፦ ገበሬው ቀደመ ማለት ነው።

ናሆም፦ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደመ! ይህን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል። ስማቸውን ባያውቁም ተመለከቱ። በነገራችን ላይ ይህ የብዙ ስም ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ ሕጋዊ ነበር። ለአንድ ፈንገስ በጾታ ሲራባ አንድ ስም፣ ያለ ጾታ ሲራባ ሌላ ስም መስጠት ይቻል ነበር። በፈረንጆቹ 2011 ሜልቦርን ላይ የተሰበሰቡት የስያሜ ደንብ የሚያወጡ ሳይንቲስቶች ናቸው አንድ ፈንገስ፣ አንድ ስም ይሁን ያሉት። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ስም ያወጣ ሰው መዝገብ ላይ ካላስመዘገበ ስሙ አይጸናም።

ሄለን፦ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እህቴ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው፤ የለመዱትን ስም በየጊዜው ይቀይሩባቸዋል። ካንዲዳ ክሩሲ ይባል የነበረው አሁን... ምን ነበር?

ናሆም፦ ፒኪያ ኩድሪያቭዜቪ።

ሄለን፦ ተናገረው እስቲ ደግመህ! ታማሚ አልጋ ላይ እያለ ይህን ስም ማን ይጽፋል? የለመዱት ቢቀር ምን ነበረበት?

ናሆም፦ ግን ስሚ፣ ሲመረመር ምን ተገኘ? ሰው የሚያሳምመው ካንዲዳ ክሩሲና ምግብ ለማፍላት የሚያገለግለው እርሾ አንድ ሆነው ተገኙ! በ2018 የታተመ ነው፤ ዲኤንኤያቸው 99.6 በመቶ አንድ ነው። በሁለት ስም እየተጠሩ አንደኛው ደህና፣ አንደኛው በሽታ ተብለው ሲኖሩ ነበር። ስሙ ባይቀየር ይህን ማን ያስተውላል?

ሄለን፦ እሱስ ልክ ነህ... ግን ሐኪሙን ማወናበዱ አልቀረም። ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ይጻፉ።

ናሆም፦ አንዳንዶቹ እንደዚያ ያደርጋሉ። እሺ፣ ለጊዜው ይሁንልሽ።

ሄለን፦ ወደ አጎትህ ተመለስ። ዲጋሉ ይችላል ተብሎ እንዴት ተመታ?

ናሆም፦ ይችላል የተባለው እውነት ነው እኮ። ዩጂ 99ን ይችላል። የመጣው ግን ዩጂ 99 አልነበረም! ስሙ ያው ነው፣ ፑክሲኒያ ግራሚኒስ። ኤሪክሶን የሚባል ስዊድናዊ በ1894 የስንዴውን፣ የአጃውን፣ የሌላውን ለይቶታል፤ ስለዚህ የስንዴው ትሪቲሲ የሚል ተጨማሪ ስም አለው። እሱም ያው ነው። ልዩነቱ ከዚያ በታች ነው፣ ባለሙያዎቹ ሬስ በሚሉት ላይ። ሬሱ የሚጠራው በአምስት ፊደል ነው። ዩጂ 99 ማለት ቲ ቲ ኬ ኤስ ኬ ነው። ባሌን የመታው ደግሞ ቲ ኬ ቲ ቲ ኤፍ።

ሄለን፦ የመኪና ታርጋ አደረግከው።

ናሆም፦ እያንዳንዷ ፊደል ትርጉም አላት! አምቦ ምርምር ማዕከል እንዲህ ያለ ምርመራ ይሠራል። 20 የስንዴ ዓይነቶች አሉ፣ እያንዳንዱ አንድ የታወቀ የመከላከያ ጂን የያዘ። በትንንሽ ማሰሮ ይዘራሉ። ቡቃያው ላይ ከማሳ የመጣውን የዋግ ብናኝ፣ ስፖሩን፣ ይረጩበታል፣ እርጥበት ባለበት ጨለማ ያድራል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይተው ቅጠሉን ያያሉ። ነጥቡ ከ0 እስከ 4 ነው። እስከ 2 ከሆነ ስንዴው ችሏል፤ 3 እና 4 ከሆነ ወድቋል። አራት አራቱን አንድ ምድብ ያደርጓቸዋል፣ አምስት ምድብ ይሆናል። አራቱም ከቻሉ ያ ምድብ ቢ ይባላል። አራቱም ከወደቁ ቲ። መሐል ላይ ያለው ሁሉ የየራሱ ፊደል አለው፣ አናባቢዎቹ ወጥተው በጠቅላላው 16።

ሄለን፦ ስለዚህ ቲ ማለት ዋጉ ሙሉ በሙሉ አሸነፈ ማለት ነው። የቤት አከራዬ ቲ ቲ ቲ ቲ ቲ ነው።

ናሆም፦ (ሳቅ) ውኃ፣ መብራት፣ ኪራይ...

ሄለን፦ ሃያውንም ጥሎኛል!

ናሆም፦ እሺ አሁን አራተኛዋን ፊደል ያዢልኝ። ዩጂ 99 አራተኛው ምድብ ላይ ኤስ ነው። ኤስ ማለት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወድቀው የመጨረሻው ቆሟል ማለት ነው። ያ የቆመው ኤስአር ቲኤምፒ የሚባል ጂን ነው። ዲጋሉን የሚጠብቀው ያ ጂን ነው! ባሌ የገባው ሬስ ግን አራተኛዋ ፊደሉ ቲ ናት።

ሄለን፦ ያቺ ጂንም ወደቀች።

ናሆም፦ ወደቀች። የአጎቴ ስንዴ ታሪክ በሙሉ እዚያች ፊደል ላይ ነው ያለው። ኤስ ቢሆን ዲጋሉ ይቆም ነበር። አየሽ፣ ስም ማውጣት የምሁራን ጨዋታ ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። የትኛው ዘር ይዘራ፣ የትኛው ይቅር የሚለው እኮ ከዚህ ነው የሚነሳው። ሬሱ በጊዜ ከታወቀ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዘር ይመረጣል።

ሄለን፦ እስቲ እኔ ልሞክር፣ አንድ ስጠኝ።

ናሆም፦ በ2006 በፈረንጆቹ ኬንያ የታየ አለ። ቲ ቲ ኬ ኤስ ቲ።

ሄለን፦ ከዩጂ 99 የተለየው መጨረሻው ብቻ ነው። አራተኛዋ ኤስ ናት... ስለዚህ ዲጋሉ ይችለዋል!

ናሆም፦ በዚያ ጂን ይችለዋል፣ ጎበዝ! አምስተኛውስ?

ሄለን፦ ከኬ ወደ ቲ ሄደ። አንድ ተጨማሪ ወድቋል።

ናሆም፦ ኤስአር 24 የሚባለው ጂን ነው የወደቀው። ኬንያ ውስጥ በእሱ የተማመነ ስንዴ ተዘርቶ ነበር፣ በ2007 ማሳው ተመታ። እንዲህ ነው የሚነበበው። እንግዲህ ስለ እርሾና ስለ ጠጅ ልናወራ ነበር፣ ሰዓቱ ሄደ።

ሄለን፦ በሚቀጥለው ይሁን። እኔ እስከዚያ የእንጉዳዩን ጉዳይ ንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ።

ናሆም፦ ጠይቂ፣ ግን ካይቲኑን ቀድመሽ እንዳትነግሪያቸው።