5ደብሊው30 ወይስ 20ደብሊው50? ለመኪናችሁ የሚሆነውን ሲንቴቲክ ዘይት መምረጥ

[ምስል፦ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያለ የመለዋወጫ ሱቅ። ካሜራው በተደረደሩት ባለ 4 ሊትር ጀሪካኖች ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል።]

ሶማሌ ተራም ሆነ ተክለሃይማኖት ገብታችሁ የሞተር ዘይት ስትጠይቁ ሻጩ «የትኛውን ላምጣ?» ይላችኋል። አብዛኛው ሰው የሚመልሰው የድርጅት ስም ነው። ስም ግን ኋላ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ የዘይቱን ውፍረትና ደረጃ ነው። ሁለቱም ጀሪካኑ ላይ ተጽፈዋል፤ መኪናው የሚፈልገው ደግሞ መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። መጽሐፉ በጃፓንኛ ከሆነም አትተዉት፤ ስለ ሞተር ዘይት የሚያወራው ገጽ ላይ ቁጥሮቹ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ማንም ያነባቸዋል። ብዙ መኪና ላይ የዘይት መሙያው ክዳን ራሱ ቁጥሩ ታትሞበታል።

ነገሩን ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ አክብደን የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ይፋ ሆኗል። አሁን እጃችን ላይ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል፤ ሞተሩ ደግሞ የሚቆየው በዘይቱ ነው።

[ምስል፦ የጀሪካኑ ፊት ለፊት በቅርበት። ጣት ቁጥሩን ያሳያል።]

ከውፍረቱ እንጀምር። 5ደብሊው30 ላይ ያለችው «ደብሊው» ክረምት ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የቆመች ናት። የእኛን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አታስቡ፤ የፈረንጅ በረዶ ማለት ነው። ከፊቷ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል፤ ሲያንስ ይሻላል። ከኋላ ያለው ደግሞ ሞተሩ ሲግል፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ነው። 30 የሚባለው በዚያ ሙቀት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) ድረስ ነው፤ 50 የሚባለው ከ16.3 ይጀምራል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የሚሰማው ምክር ግን «መኪናው አርጅቷል፣ ወፍራም ዘይት ይሻለዋል» የሚል ነው። ይህ ምክር ካርቡሬተር ለነበራቸው አሮጌ ሞተሮች ይሠራ ነበር። እንደ ቪትዝ ላሉት፣ ቪቪቲ ላላቸው ሞተሮች ግን ጉዳት አለው። ቪቪቲ የቫልቮቹን ሰዓት የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ነው፣ መግቢያው ላይም ቀጭን ወንፊት አለ። በዚያ ላይ በታኅሣሥ ማለዳ ሙቀቱ ወደ 8 ዲግሪ ሲወርድ 20ደብሊው50 ዘይት ከ5ደብሊው30 ከሁለት እጥፍ በላይ ይወፍራል። ቁልፉን ስታዞሩ ዘይቱ ከታች ካለው ማጠራቀሚያ ተነስቶ ላይ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት ጋ እስኪደርስ ይዘገያል። በእነዚያ ሰከንዶች ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነስ? ከ30 ዘላችሁ 50 ላይ አትውጡ። መጽሐፉ ከፈቀደ መጀመሪያ 5ደብሊው40 ሞክሩ፤ በየሳምንቱ እየለካችሁ በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት እንደጎደለ ጻፉ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ካለቀ ወፍራም ዘይት ጭሱን ለጊዜው ይቀንሰው ይሆናል እንጂ ፋሻ አይተካም። ሞተሩ ግሎ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ፣ ቆማችሁ) ሲሠራ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ግፊቱን በጌጅ አስለኩ። ያንን በወፍራም ዘይት መሸፈን ብሮንዚኑን (ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበትን ማረፊያ) ያስበላል።

[ምስል፦ ሁለት ዘይት በሁለት ብርጭቆ፣ ጎን ለጎን።]

አሁን ወደ ሲንቴቲክ። ሲንቴቲክ ማለት የግድ ከላቦራቶሪ የተፈጠረ ዘይት ማለት አይደለም። የሞተር ዘይት የሚሠራባቸው መሠረት ዘይቶች በምድብ ይከፈላሉ። ምድብ 3 ከድፍድፍ ነዳጅ ተነስቶ በሃይድሮጅን ብዙ የተጣራ ነው፤ ምድብ 4 ፒኤኦ የሚባለው በኬሚስትሪ የተገነባው ነው፤ ምድብ 5 ውስጥ ኤስተሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ምድብ 3 ሲንቴቲክ ተብሎ መሸጥ ይችላል የሚል ውሳኔ ከተሰጠ ወዲህ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሲንቴቲክ እሱ ነው። በዚህ አትበሳጩ፤ በደንብ የተሠራ ምድብ 3 ለአንድ ቪትዝ ከበቂ በላይ ነው። «ሴሚ ሲንቴቲክ» የሚለው ግን ውስጡ ስንት እጅ ሲንቴቲክ እንዳለ አይነግራችሁም፤ የሚያስገድደው መጠን የለም።

ትርፉ የሚታየው በሙቀትና በጊዜ ነው። ሲንቴቲክ ሲግል ብዙ አይተንም፣ ቶሎ አይወፍርም፣ ጥቁር ዝቃጭም ቶሎ አይሠራም። ይህ ለመሀል ከተማ ሹፌር ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። ከሜክሲኮ ለገሃር፣ ከለገሃር በቸርችል ወደ ፒያሳ በሥራ መግቢያ ሰዓት ስትነዱ አማካይ ፍጥነታችሁ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ሞተሩ 333 ሰዓት ይሠራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ያንኑ 5,000 በ100 ሰዓት ይጨርሰዋል። ቆጣሪው ላይ አንድ ናቸው፤ የእናንተ ዘይት ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሠርቷል። ስለዚህ ጀሪካኑ ላይ 10,000 ወይም 15,000 ኪሎ ሜትር ቢጻፍም መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ሲንቴቲኩን ከ7,000 አታሳልፉት፤ ተራውን ማዕድን ዘይት በ5,000 ቀይሩት። ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ከዓመት በላይ አይቆይ።

[ምስል፦ ኮፈኑ ተከፍቷል። እጅ የዘይት መሙያውን ክዳን ያዞራል፣ ገልብጦ ያሳያል።]

ይህን ክዳን ተመልከቱ። ከሥሩ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። መኪናው ከአራት ኪሎ ፒያሳ ብቻ ሲመላለስ የሚፈጠር ነው። የውሃው ሙቀት መለኪያ መሀል ላይ ቢደርስም ዘይቱ ገና አልጋለም፤ ዘይት ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት ሳይተን ይቀርና ከዘይቱ ጋር ይመታል። በሳምንት አንድ ቀን 30 ደቂቃ ያህል ሳትቆሙ ብትነዱ ይጠፋል። አረፋው መለኪያ ዘንጉ ላይም ከታየ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የራዲያተር ውሃ ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ይችላል፣ መኪናውን አታስነሱት።

ደረጃውን ለማወቅ ጀሪካኑን አዙሩና ኤፒአይ (የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት) የሚል ክብ ምልክት ፈልጉ። ለቤንዚን ሞተር ደረጃው በ«ኤስ» ይጀምራል፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ ከኤ በራቀ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤን የ2010፣ ኤስፒ የ2020 ነው፣ በፈረንጆቹ። አዲሱ የአሮጌውን ቦታ ይሸፍናል፤ ኤስኤን ለሚጠይቅ መኪና ኤስፒ ስትሰጡት ትክክል ናችሁ፣ የተገላቢጦሹ አይሆንም። በተለይ ቱርቦ ያለው አዲስ ቤንዚን ሞተር ከኤስፒ በታች አይሰጠው፤ ኤስፒ የመጣው ያለጊዜው የሚፈነዳ ነዳጅ ፒስተን እንዳይሰብርና የታይሚንግ ሰንሰለት ቶሎ እንዳይበላ ጭምር ነው። ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ የሚል ካያችሁ የፈረንጆቹ 1980ዎቹ ደረጃ ስለሆነ መልሱት። ናፍጣ በ«ሲ» ይጀምራል፣ ሲአይ-4 እና ሲኬ-4 የተለመዱት ናቸው። የአውሮፓ መኪና ካላችሁ ደግሞ ኤፒአይ ብቻውን አይበቃም፤ የፋብሪካው የፈቃድ ቁጥር ጀሪካኑ ጀርባ ላይ መኖር አለበት።

ከማዕድን ወደ ሲንቴቲክ ስትዞሩ ሞተሩን በኬሚካል ማጠብ አያስፈልግም። ዝቃጭ የሞላው ሞተር ላይ ማጠቢያው ቆሻሻውን በአንዴ ነቅሎ የዘይት ፓምፑን መሳቢያ ወንፊት ሊደፍነው ይችላል። የመጀመሪያውን ሲንቴቲክ በ3,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩት፤ በእርጋታ ያጥበዋል። ቶሎ ከጠቆረ አትደንግጡ፣ ሥራውን እየሠራ ነው።

[ምስል፦ መኪናው ከፍ ብሎ ቆሟል። የማፍሰሻው ብሎን በቅርበት።]

ቅያሪው ላይ ቁሙ። ሞተሩ ለ5 ደቂቃ ይሙቅ። አንዳንድ ቪትዝ ላይ ባለው 1ኤንዜድ ሞተር ብሎኑ በ14 ቁልፍ ይፈታል፤ ሲመለስ ማኅተም ቀለበቱ አዲስ ይሁን፣ ጥብቀቱ 37 ኒውተን ሜትር ነው። በረጅም ቱቦ እየተንጠለጠሉ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል። ፊልተሩ ሲወጣ «ወንድሜ፣ ጎማው አብሮ ወጥቷል?» ብላችሁ ጠይቁና ራሳችሁ እዩት። አሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከታሰረ፣ መንገድ ላይ ግፊቱ ይገፋውና ዘይቱ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። የአዲሱ ፊልተር ጎማ ዘይት ይቀባ፤ ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ይበቃል።

ይህ ሞተር ከነፊልተሩ የሚይዘው 3.7 ሊትር ነው። ባለ 4 ሊትሩን ሙሉ መገልበጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ የበዛ ዘይት በክራንክ ሻፍቱ ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። 3.4 ጨምሩ፣ አስነሱ፣ ቀዩ መብራት መጥፋቱን እዩ፣ አጥፍታችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ በመለኪያ ዘንጉ እየለካችሁ ላይኛው ምልክት ጋ አድርሱት።

[ምስል፦ ባዶው ጀሪካን። ካቻቢቴ የያዘ እጅ።]

ስለ ፎርጅድ ዘይት። የክዳኑ ቀለበት ሳይላቀቅ መከፈት የለበትም፤ የምርት ቁጥሩ በፕላስቲኩ ላይ የታተመ እንጂ በወረቀት የተለጠፈ አይሁን፤ ከሌላው ሱቅ በጣም የወረደ ዋጋ ካያችሁ ተዉት፣ ደረሰኝ ካልተሰጣችሁም እንደዚያው። በማሽተት ወይም በጣት በመዳሰስ ማንም መለየት አይችልም። ፎርጅዱ የሚሞላው ብዙ ጊዜ በእውነተኛው ባዶ ጀሪካን ነው። ስለዚህ ዘይቱ ሲያልቅ ባዶውን ጋራዡ ውስጥ ጥላችሁ አትውጡ። ካቻቢቴ ተቀበሉ፣ ታችኛውን ጎን ሁለት ቦታ ብሱት፣ ክዳኑን ይዛችሁ ሂዱ።