የሃይስኩል ውጤቴ ዝቅተኛ ነው፣ ትራንስፈር ማድረግ እችላለሁ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የዛሬው ቪዲዮ አሜሪካ ላላችሁ ልጆች ነው፣ በተለይ በሃይስኩል መሀል መጥታችሁ እንግሊዝኛው ገና ሳይገባችሁ ውጤታችሁ ለተበላሸባችሁ። ቤት ውስጥ «በዚህ ውጤት ማን ዩኒቨርሲቲ ይቀበልሃል» እየተባላችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፣ መንገድ አለ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ ለመግባት የሃይስኩል ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) አያግዳችሁም። ቨርጂኒያ ያላችሁ ኖቫን (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን)፣ ሜሪላንድ ያላችሁ ሞንጎምሪ ኮሌጅን ታውቃላችሁ። ዋናው ጥያቄ ከዚያ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ስትሻገሩ፣ ማለትም ትራንስፈር ስታደርጉ፣ ያ የድሮ ትራንስክሪፕት (የሃይስኩል የውጤት ወረቀት) ይከተላችኋል ወይ ነው።

እሱን የሚወስነው በእጃችሁ ያለው ክሬዲት፣ ማለትም ካለፋችኋቸው የኮሌጅ ክላሶች ያጠራቀማችሁት ነጥብ ነው። 12 ወይም 15 ክሬዲት ብቻ ይዛችሁ ካመለከታችሁ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሃይስኩሉን ወረቀት ይጠይቃሉ፣ ሌላ የሚያዩት ብዙ ነገር ስለሌላቸው። 30 ስትሞሉ፣ ማለትም የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት ስትጨርሱ፣ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል። ካሊፎርኒያ ያሉት የዩሲ (የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ) ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ 60 ክሬዲት ይዞ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚመጣውን ልጅ የሚመዝኑት በኮሌጅ ውጤቱ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ በአንድ ሴሚስተር ለመውጣት አትቸኩሉ።

[ስክሪን ላይ፦ የናሙና ትራንስክሪፕት]

እዚህ ጋ እዩልኝ። ኢንግሊሽ 111፣ ኤ። ጎበዝ። ከሥሩ ማት 161፣ ዲ። ብዙ ልጅ «አልፌያለሁ» ብሎ የሚተወው ይህን ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ባብዛኛው የሚቀበሉት ሲ እና ከዚያ በላይ ነው፣ ስለዚህ የዚህ ክላስ ክሬዲት አይሻገርም፣ ጂፒኤውን ግን ይዞት ይወርዳል። ክላሱ እንደማይሆንላችሁ ካወቃችሁ የመውጫው ቀን ሳያልፍ ከክላሱ ውጡ። ስትወጡ የሚጻፍላችሁ ደብሊው (W) ጂፒኤ አይነካም። ፋይናንሻል ኤይድ (የትምህርት ክፍያ እርዳታ) የምትወስዱ ግን ተጠንቀቁ፣ ከጀመራችሁት ክላስ ምን ያህሉን እንደጨረሳችሁ ይቆጠራል።

ማታ ማታ ፓርኪንግ እየሠራችሁ አምስት ክላስ የምትይዙ ልጆች፣ እናንተን ሳስብ በጣም ነው የማዝነው። ሦስት ወስዶ ኤ እና ቢ ማምጣት አምስት ወስዶ ሁለቱን ከመጣል በብዙ ይሻላል። ኤፍ 1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያላችሁ ግን ያለ ፈቃድ ከ12 ክሬዲት በታች መውረድ ስለማትችሉ መጀመሪያ የኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮን ጠይቁ።

ሌላው የስምምነቱ ጉዳይ ነው። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የቅበላ ዋስትና ስምምነት አላቸው፤ የተባለውን ዲግሪ በተባለው ጂፒኤ ከጨረሳችሁ ትገባላችሁ። ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል ፕሮግራምም አላቸው፣ ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ ባችለር ዲግሪ የትኛውን ክላስ መቼ እንደምትወስዱ ያሳያችኋል፣ ስትሻገሩም እንደገና ማመልከት የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ሜጀሩን የወሰነ ልጅ ቀድሞ እዚህ ቢመዘገብ ነው የሚሻለው።

ልብ በሉ ግን፣ ዩኒቨርሲቲው ተቀበላችሁ ማለት የፈለጋችሁት ዲፓርትመንት ተቀበላችሁ ማለት አይደለም። ነርሲንግና ኢንጂነሪንግ የራሳቸው መስፈርት አላቸው። ስለዚህ የኮሌጃችሁን አድቫይዘር ብቻ ሰምታችሁ ክላስ አትምረጡ፣ የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲም በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ። የወሰዳችሁትን ክላስ ሲላበስም (የትምህርቱን ዝርዝር የያዘውን ወረቀት) እንዳትጥሉ። አንድ ክላስ አንቀበልም ቢሏችሁ እንደገና እንዲያዩላችሁ የምታቀርቡት እሱን ነው።