ኮምፖስቱን ታውቁታላችሁ፤ ስለ ደብተሩ እናውራ

ሐዋሳ ላይ ለኦርጋኒክ ቡና አምራች አርሶ አደሮች፣ ለልማት ሠራተኞችና ለግብርና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

ዳኤ ቡሹ! እንኳን ደህና መጣችሁ።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች። ከበንሳ የመጣችሁ ሌሊት ተነሥታችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ከአለታ ወንዶና ከዳሌም ቢሆን ቁርስ በልቶ የመጣ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ላሳጥር እሞክራለሁ። ቃል ግን አልገባም፤ ማይክ ይዞ ቃሉን የጠበቀ ሰው አይቼ አላውቅም።

አንድ ይቅርታ ላስቀድም። አብዛኞቻችሁ ቤታችሁ የምታወሩት ሲዳሙ አፎ ነው። እኔ የማወራችሁ በአማርኛ ነው። ያልገባችሁ ነገር ካለ እጃችሁን አውጡ፣ እዚህ ፊት የተቀመጠው ወጣት ይመልስላችኋል። ወደዚህ የቋንቋ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ልማት ሠራተኛ ሆኜ አንድ ቀበሌ ተመደብኩ። የዲፕሎማዬ ቀለም ገና አልደረቀም። የመጀመሪያ ሥራዬ ኮምፖስት፣ ማለትም የብስባሽ ማዳበሪያ አሠራር፣ ማስተማር ነበር። አንዲት እናት ቤት ሄድኩና ጉድጓድ ካልቆፈርን ብዬ ድርቅ አልኩ። ሳቁብኝ። እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከበረቱ በየማለዳው የሚጠረገው እበት እንሰቱ ሥር ይደፋል። በተራ ነው፤ ዛሬ ይህ ረድፍ፣ ነገ ያኛው። የጥላው ዛፍ ቅጠል ወርዶ ቡናውን ከሥር አልብሶታል። አፈሩን ዘገንኩት። ጥቁር፣ ልል፣ ትል የሚርመሰመስበት። «እና ልጄ፣ ይሄን ከዚህ አንሥቼ ጉድጓድ ልቅበረው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በወሩ ሪፖርት ላይ ግን «አንድ ጉድጓድ» ብዬ ሞላሁ። ኮታ ነበረብኛ።

ይህን የማወራው ኮምፖስትን ለማናናቅ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬው ጋር የሠሩት ሥራ አለ። በአግባቡ የተዘጋጀ ኮምፖስት ያገኘ ማሳ ከኬሚካል ማዳበሪያው ማሳ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ እንደሚያመርት አሳይተዋል። የተራቆተ አፈር ላለው ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። በቆሎና አትክልት ለሚያመርተውም እንደዚያው። ሒሳቡን ግን ሳንደብቅ እንናገር። 50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ኮምፖስታችሁ ከመቶ አንድ እጅ ናይትሮጅን ቢኖረው፣ ያንን ለመተካት 23 ኩንታል መሸከም አለባችሁ። በአህያ፣ ዳገት ላይ። «ኮምፖስት ነጻ ነው» የሚል አሠልጣኝ አንድ ቀን እንኳ አልተሸከመም ማለት ነው።

ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። እኛ የምናስተምራችሁ የምታውቁትን ነው። የኦርጋኒክ ምርመራው ሲመጣ የሚያስወድቃችሁ ሌላ ነገር ነው። የሚያስወድቃችሁ ወረቀት ነው፤ የማሳችሁ መዝገብ፣ ደብተሩ።

ልማት ሠራተኛነቱን ትቼ የአንድ ማኅበር የውስጥ ተቆጣጣሪ ሆኜ ነበር። የውስጥ ተቆጣጣሪ ማለት ሰርተፊኬት ሰጪው የሚልከው የውጪው መርማሪ ከመምጣቱ በፊት በየማሳው ዞሮ የሚያይ ሰው ነው። አንድ አባት ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ቡናቸው ላይ ኬሚካል አርከፍክፈው አያውቁም። የውጪው መርማሪ መጣ፣ ማሳውን አየ፣ ወደደው። ቤት ገብቶ ቡና ሲጠጣ ግድግዳው ላይ የጀርባ መርጫ ተሰቅሎ አየ። የማን ነው? የእኔ። ምን ይረጫሉ? የጎረቤቴን ጫት፣ በቀን ሥራ።

አባት ለዚያ ዓመት ከኦርጋኒክ አምራቾች ዝርዝር ወጡ። የቡና እሸታቸውን በተራ ቡና ዋጋ ሸጡ። እኔን ጠርተው ያሉኝ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «አምስት ጊዜ አሠልጥናችሁኛል። አንድ ጊዜ ስለ መርጫው ነግራችሁኛል?» አልነገርናቸውም። አምስቱንም ጊዜ ያስተማርናቸው ኮምፖስት ነበር።

የጫቱን ነገር ካነሣሁ አይቀር ልጨርሰው። ወንዶ ገነት አካባቢ ያላችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጫትና ቡና ጎን ለጎን ነው። አንዱ ሲረጭ ነፋሱ ለሌላው ያደርሰዋል። ቡናችሁ ምንም ሳታደርጉት ሊበከል ይችላል። መፍትሔው ጠብ አይደለም። ድንበሩ ላይ ጠበቅ ያለ አጥር መትከል፣ ወይም ከድንበሩ ጥግ ያለውን ቡና ለብቻ ለቅሞ በተራ ቡና ዋጋ መሸጥ ነው። ለብቻ መለቀሙንም መጻፍ። ይቺ መጨረሻዋ ናት የምትረሳው።

የአገር ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የጸረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ለጃፓን የምንሸጠው ቡና ባንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ጣት የተቀሰረው ማሳው ላይ አልነበረም። ጆንያው ላይ ነው። ገበሬው ንጹሕ፣ ቡናው ንጹሕ፣ ጆንያው ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። እናንተስ? ቡና የምትከቱበት ጆንያ ትናንት ምን ተይዞበት ነበር? ማዳበሪያ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ እጅ አውጡ ብል ማን እንደሚያወጣ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አልልም።

እንግዲህ ደብተሩ። አስፈሪ ነገር አይደለም። የማሳችሁ ንድፍ፣ ጎረቤት ማን እንደሆነና ምን እንደሚዘራ፣ የቡናው እግር ብዛት፣ ወደ ማሳው የገባው ነገር ሁሉ፣ የተለቀመው በኪሎ፣ የተሸጠበት ደረሰኝ። በቃ። የእግሩ ብዛትና የሸጣችሁት ኪሎ ግን መስማማት አለበት። 300 እግር ቡና ያለው ሰው የ1,000 እግር እሸት ካስረከበ መርማሪው ይስቃል። ቀጥሎ ይቆጣል። የወንድሜን ጨምሬ ነው ብትሉት፣ ወንድማችሁ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የማኅበሩ ሁሉ ቡና ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። ለወንድም ማዘን መልካም ነው፣ በእሸት ግን አይሆንም።

ሕጉም እየጠበቀ ሄዷል። አገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ 488። ቡናችሁን የሚገዛው አውሮፓ ግን የራሱ ሕግ አለው። አዲሱ፣ ቁጥር 2018/848 የሚባለው፣ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ እንደኛ ላሉ አገሮች የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። በአዲሱ ሕግ አንድ የአምራቾች ቡድን ከ2,000 አባል መብለጥ አይችልም። የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ሊኖረውም ይገባል። ከመስፈርቶቹ አንዱ የአባሉ መሬት ቢበዛ 5 ሄክታር እንዲሆን ነው። በዚህኛው እንኳ አንጨነቅም፤ ሲዳማ ውስጥ 5 ሄክታር ያለው ጎረቤት ካላችሁ አስተዋውቁኝ። የሚያስጨንቀው የአባላቱ ቁጥርና የሕጋዊ ሰውነቱ ነገር ነው። ድሮ በዩኒየን፣ ማለትም በማኅበራቱ ኅብረት፣ ጥላ ሥር በአንድ ሰርተፊኬት እንታቀፍ ነበር። አሁን መሠረታዊ ማኅበሩ ራሱ ቆሞ መዝገቡን መያዝ አለበት። ማለትም ደብተሩ ከሐዋሳ ቢሮ ወደ ቀበሌ ወርዷል። ሥልጠናው ግን አብሮ አልወረደም።

አንድ ማሳ ከተራ ወደ ኦርጋኒክ ስለሚያልፍበት የሽግግር ጊዜም አንድ ነገር ልበል። ለቡና ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት እንደ ኦርጋኒክ ትሠራላችሁ፣ እንደ ተራ ትሸጣላችሁ። ብዙ ሰው የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን መሬቱ ከዚያ በፊት ኬሚካል እንዳልነካው በማስረጃ ከተረጋገጠ፣ ያለፈው ጊዜ ሊታሰብ የሚችልበት መንገድ አለ። በማስረጃ ነው ያልኩት። «አባቴም አልረጨ፣ አያቴም አልረጨ» እውነት ነው፣ ወረቀት ግን አይደለም።

አሁን ወደ እኛ፣ ወደ አስተማሪዎቹ ልምጣ። ትንሽ ልናገራችሁ ነውና ቻሉኝ።

ሥልጠና የሚበዛው መቼ ነው? ሰኔ ላይ። ለምን? በጀት ሊዘጋ ነው። ወይም ኅዳር ላይ፣ እሸት ቀልቶ ለቀማ ሲጦፍ። ገበሬው ከቡናው ተነጥሎ ከተማ ይመጣል፣ ጨለም ባለ አዳራሽ ፕሮጀክተር ያያል፣ ውሎ አበል ይፈርማል፣ ይሄዳል። እኔም ያሠለጠንኩት እንደዚያ ነው፤ በሌላ አላሳብብም። በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ተሠርቷል። ሦስት ልማት ሠራተኛ ይመደባል፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ሐሳቡ ግሩም ነው። እኔ በሠራሁበት ቀበሌ ግን ማዕከሉ የወንበር መጋዘን ነበር፣ የሠርቶ ማሳያው መሬት ላይ ሣር በቅሎ። ያም በእኔ ጊዜ ነው፤ ቁልፉም ኪሴ ነበር።

ሌላ መንገድ አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሩዝ ገበሬዎች ሜዳ ላይ መማር ጀመሩ። የመስክ ትምህርት ቤት ይባላል። ሃያ አምስት ገደማ ሰው፣ አንድ ማሳ፣ በየሳምንቱ፣ ከዘር እስከ አጨዳ። አስተማሪው አይናገርም፤ ይጠይቃል። ገበሬው ቅጠሉን ገልብጦ ነፍሳቱን ይቆጥራል፣ በወረቀት ይስላል፣ እርጭት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብሎ ይከራከራል። በዚህም ብዙ ከንቱ እርጭት ቀረ። መጤው ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ትዝ ይላችኋል? በቆሎው ተወረረና ሁሉም ወደ መድኃኒት ሮጠ። እኔ ባየሁት፣ እንቁላሉን ቅጠሉ ላይ አይተው በጣታቸው የጨፈለቁት ነበሩ የተረፉት። እነሱን ማን አሠለጠናቸው? ማንም። በየቀኑ ማሳቸው ውስጥ ይገቡ ስለነበር ነው።

የምለው፣ ደብተሩንም እንደዚያው እናስተምር። ማሳ ውስጥ። እሸቱ ሲመዘን፣ እዚያው ሚዛኑ አጠገብ፣ ኪሎው ይጻፍ። ድንበሩ ላይ ቆመን ንድፉን እንሳል። ጆንያውን ገልብጠን እናሽትት። ይህ ውሎ አበል አይጠይቅም። አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ሴቶቹን ደግሞ እንጥራ። ያቺ እንሰቷን በተራ የምታበላው እናት፣ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ስሟ የለም። ስሙ ያለው የባለቤቷ ነው። ለሥልጠና የሚጠራው እሱ ነው። ከዚያ ተመልሶ አይነግራትም፤ ቢነግራትም ግማሹን ነው። እበቱን የምታወጣው፣ እሸቱን የምትለቅመው፣ ጆንያውን ከየት እንዳመጣች የምታውቀው ግን እሷ ናት። መርማሪው ጥያቄ ሲጠይቅ ባልየው ወደ ጓዳ ዞሮ «እስቲ ያ ነገር መቼ ነበር?» ሲል ስንቴ ሰምቻለሁ! ታዲያ ለምን እሷን በቀጥታ አንጠይቃትም?

የቋንቋው ነገር ደግሞ ይኸው። ቅጾቹ የሚመጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቢበዛ በአማርኛ። ልጆቻችሁ ግን ትምህርት ቤት ሲዳሙ አፎ ያነባሉ። ቅጹ በዚያ ቋንቋ ቢታተም የስምንተኛ ክፍል ልጅ ቤት ሆኖ ይሞላዋል። በየመንደሩ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት አለ፤ እሱን ደብተር ያዥ አድርጉት። ከማኅበሩ የዓመት መጨረሻ ክፍያ ላይ ትንሽ ቆንጥራችሁ ክፈሉት። ውድ እንዳይመስላችሁ። ያ መርጫ የተሰቀለባቸው አባት ባንድ ዓመት ያጡት ገንዘብ የአንድ ወጣት የወራት ደመወዝ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እናንተንም አልረሳሁም። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ የግብርና ኮሌጅ ነው። ለመመረቂያችሁ ሠላሳ ገጽ መጠይቅ ይዛችሁ ገበሬው ቤት ትሄዳላችሁ። ሞልታችሁ ትመለሳላችሁ፣ ውጤቱን ገበሬው አያየውም። በሚቀጥለው ስትሄዱ አንድ ማኅበር ምረጡና የሃምሳ ሰው ማሳ ንድፍ ሠርታችሁ ስጡት። ጽሑፋችሁም ያምራል፣ ቡናም ትጠጣላችሁ።

ደጋ ላይ፣ ሁላ አካባቢ ያላችሁ፣ አፈራችን ኮመጠጠ የምትሉ፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በኦርጋኒክ ሕግ አይከለከልም። የትኛውን ዓይነት እንደሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሰርተፊኬት ሰጪውን ጠይቁ፣ የገዛችሁበትን ደረሰኝም ደብተሩ ውስጥ አጣብቁ። አያችሁ፣ ሁሉም ነገር ወደ ደብተር ይመለሳል።

በዚህ ላብቃ። ምሳ ዓሣ ነው ብለውኛል፤ ከአሞራ ገደል የመጣ ከሆነ መዘግየት አይገባም። ከምሳ በኋላ ግን ማንም እንዳይሄድ። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ደብተሮች አሉ። በቀበሌ በቀበሌ እንቀመጥና የመጀመሪያዋን ገጽ፣ የማሳችሁን ንድፍ፣ አብረን እንስላለን። ባልና ሚስት የመጣችሁ አንድ ላይ ተቀመጡ። እስክሪብቶ ያልያዘ በሩ አጠገብ ካለው ካርቶን ይውሰድ። ሲወጣ ይመልስ፤ ቆጥሬ ነው ያስቀመጥኩት፣ ጽፌዋለሁም።

አመሰግናለሁ።