ቀላል ፑሊ፣ ቀላል ፍላይዊልና የሞተር ባላንስ፦ ለጅማ መካኒኮች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የጅማ ጋራዥ ባለቤቶች፣ አንጋፋ መካኒኮች፣ የቶርኖ ቤት ባለሙያዎች፣ ሹፌሮችና የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው በተለይ ወጣቶቹ ደጋግመው ስለሚያነሱት ጥያቄ ነው። ከአልሙኒየም የተሠራ ቀላል የክራንክ ፑሊ ወይም ክብደቱ የተቀነሰ ፍላይዊል በቪትዝ፣ በኮሮላ ወይም በሚኒባስ ላይ ቢገጠም የሞተሩን ባላንስ ያበላሻል ወይ? ክራንክ ወይም ክራንክሻፍት ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው፤ ፑሊው ከፊት ጫፉ ላይ ቺንጋውን የሚያዞረው፣ ፍላይዊሉ ደግሞ ከኋላ ጫፉ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ባላንስ ስንል ሞተሩ ሳይናወጥ የሚዞርበትን ሚዛን ማለታችን ነው። አንዱ ሞተሩን ይበትነዋል ይላል፤ ሌላው ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም መኪናው ይበራል ብሎ ይከራከራል። የእኔን መልስ አስቀድሜ ልናገር፦ እዚህ በምንሠራባቸው አብዛኞቹ መኪኖች ባላንሱን አያበላሽም። ቢሆንም የክራንክ ፑሊውን አትቀይሩ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

አራት ሲሊንደር በመስመር የተደረደረበት ሞተር ውስጥ ሁለት ፒስተን ሲወጣ ሁለቱ ይወርዳሉ፤ ዋናው ጉልበት እዚያው ውስጥ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የሚተርፈው በክራንኩ ፍጥነት እጥፍ የሚመታ ንዝረት ነው። 3,000 ዙር ላይ ሞተሩን በሴኮንድ 100 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቀዋል። ይህን ንዝረት ፑሊ አያመጣውም፤ ፍላይዊልም አያጠፋውም። የሚያጠፋው፣ ከተሠራለት፣ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው የባላንስ ዘንግ ብቻ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ክራንክሻፍቱ ለብቻው፣ ፍላይዊሉ ለብቻው፣ ፑሊውም ለብቻው ባላንስ የተደረጉ ናቸው። ስለዚህ አንዱን አንስታችሁ በራሱ በደንብ ባላንስ የተደረገ ቀላል ብትተኩበት የሌላው ሚዛን አይነካም።

ከዚህ የሚለዩ አሉ። እንደ ፎርድ 302 እና ሼቭሮሌ 400 ያሉ የአሜሪካ ቪ-8 ሞተሮች የሚዛናቸው ከፊሉ ሆን ተብሎ ፑሊውና ፍላይዊሉ ላይ ተቀምጧል። እነዚህ ላይ ዝም ብሎ ክብ የሆነ ዕቃ መግጠም ሞተሩን በእርግጥ ያናውጠዋል። ጅማ ውስጥ ብርቅ ናቸው፤ አንድ ቀን ቢገባላችሁ ግን ፍላይዊሉ ላይ በአንድ ወገን ያበጠውን ብረት የፋብሪካ ስህተት ነው ብላችሁ እንዳታስቆርጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ክራንክሻፍት ወፍራም ብረት ስለሆነ አይጠመዘዝም ብለን እናስባለን፤ ይጠመዘዛል። አንድ ሲሊንደር በተኮሰ ቁጥር፣ ማለትም ነዳጁ ውስጡ በነደደ ቁጥር፣ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ቢየላ ክራንኩን ይገፋዋል። የኋላውን ጫፍ ከባዱ ፍላይዊል ይዞታል፤ የፊቱ ጫፍ ግን ጥቂት ተጠምዝዞ ይመለሳል። ሞተሩ አንድ የተወሰነ ዙር ላይ ሲደርስ የተኩሱ ምትና የብረቱ መመላለስ ይገጥማሉ። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ ጊዜውን ጠብቆ እንደ መግፋት ነው፤ ግፊቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ መወዛወዙ እየጨመረ ይሄዳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የጀመሩ ሰዎች ረጃጅም ክራንኮች ሲሰበሩባቸው ያዩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተርም ይህን መወዛወዝ የሚያበርድ ዳምፐር የሠራው በዚያው ዘመን ነው።

ያ ዳምፐር ዛሬ የት አለ? በብዙ መኪኖች የክራንክ ፑሊው ራሱ ነው። ቺንጋ ስትቀይሩ ፊት ለፊቱን በባትሪ አብሩበትና እዩት። በመሀሉ ያለው ብረትና ቺንጋ የሚይዘው የውጭ ቀለበት አንድ ወጥ አይደሉም፤ በመካከላቸው ጥቁር የጎማ መስመር ዙሪያውን ይሄዳል። ክራንኩ ሲጠመዘዝ የውጩ ቀለበት በክብደቱ ይዘገያል፤ ጎማው በመካከል ይታሻል፤ ንዝረቱም ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። ወጥ የሆነ የአልሙኒየም ፑሊ ስትገጥሙ የምታወጡት ክብደት ብቻ አይደለም፤ ይህን ጎማ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በጆሮም በእጅም አይታወቅም። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ምንም አይሰማውም፤ ክራንኩ ግን በድካም ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል፣ ከፊት ክራንኩ የሚያዞረው የዘይት ፖምፓ ጥርስም ይጎዳል። አጭር ክራንክ ያለው ትንሽ ሞተር ይህን የመቻል አቅሙ ከረጅሙ ይሻላል፤ ዳምፐር ሳይኖራቸው ከፋብሪካ የሚወጡም አሉ። ፋብሪካው ጎማውን ካደረገበት ግን ያለ ምክንያት አላደረገውም።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ልትሠሩ ትችላላችሁ። ከመሀሉ ብረት እስከ ውጭው ቀለበት ጎማውን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ነጭ መስመር በቀለም አስምሩ። መኪናው ለዘይት ሲመለስ መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ተንሸራቷል ማለት ነው። የተኩሱ ጊዜ የሚስተካከልበት የታይሚንግ ምልክት የውጩ ቀለበት ላይ ካለ እሱም አብሮ ይዋሻችኋል፤ ልክ ያልሆነውን ልክ ነው ብላችሁ ታስተካክላላችሁ።

ፍላይዊሉ ላይ ፍርዴ ለዘብ ያለ ነው። ክብደቱ የሚሰማችሁ እንደ ማርሹ ነው። ከፍላይዊል ላይ ከመሀሉ 10 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ 4 ኪሎ ቢቀነስ፣ በትንሽ የቤት መኪና አንደኛ ማርሽ ላይ ሲፈጥን ከመኪናው ወደ 90 ኪሎ የወረደ ያህል ይቀልለዋል። አምስተኛ ላይ ግን ትርፉ 5 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ከጅማ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ በረጅም ማርሽ ለሚጓዝ ሰው ይህ ከንቱ ነው። የፑሊው ትርፍ ደግሞ ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም ዙሪያው ጠባብ ነው።

የምትከፍሉት ዋጋ ግን አለ። ከተኩስ እስከ ተኩስ ሞተሩን የሚያሻግረው የፍላይዊሉ ክብደት ነው። ሲቀንስ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ስትነሱ ሞተሩ ቶሎ ይጠፋል፤ እንዳይጠፋ ብላችሁ ፍሪሲዮኑን ታቃጥላላችሁ። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በስስ አየር ምክንያት ከጉልበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ አስቀድሞ አጥቷል። በቡና ጆንያ የተጫነ መኪና ጭቃ ላይ ሊያስነሳ ለሚታገል ሹፌር ከባዱ ፍላይዊል ወዳጁ ነው። ለውድድር መኪና ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ ቀላሉ ይጠቅማል።

የቶርኖ ቤት ወንድሞቼ፣ እናንተን አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር አለ። የካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ፍላይዊል አምጥቶ ቀንሱልኝ የሚላችሁን ሰው እምቢ በሉት። የሳሳ ካስት አይረን በከፍተኛ ዙር ሊፈነዳ ይችላል፤ ስብርባሪው የካምቢዮውን ቤት በስቶ የሹፌሩ እግር ጋ ይደርሳል። ቀላል የፈለገ ለዚያው ተብሎ ከስቲል የተሠራውን ይግዛ፣ ባላንስ ማሽን ላይም ይታይለት። ፍላይዊሉ ላይ የምታዩዋቸው ያልዘለቁ የመሰርሰሪያ ጉድጓዶች ሚዛኑ የተስተካከለባቸው ናቸውና አትሙሏቸው። በአንዳንድ አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች ያለው በመሀሉ ስፕሪንግ የተደረገበት ባለ ሁለት ክፍል ፍላይዊል ደግሞ እሱም ዳምፐር ነው፤ በወጥ ሲተካ ካምቢዮው መንኳኳት ይጀምራል።

ጎማው የተንሸራተተ አሮጌ የክራንክ ፑሊና አንድ ወጥ አልሙኒየም በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አሉ። ስትወጡ ሁለቱንም በእጃችሁ እያገላበጣችሁ እዩ፤ ጥያቄ ያላችሁ እዚያው ታገኙኛላችሁ። አመሰግናለሁ።