ማለቅለቂያው ጋ ማን ይቁም? የዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ነዳጅ የነካቸውን የባሕር ወፎች የምናጥብ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ለአዳራሹና ለሻዩ የደከማችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ። የሥራ ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው፦ ሥልጠና ሰጥተናል፣ ፎጣና ጓንት ገዝተናል፣ ገንዳዎቹ ተጠግነዋል። ከዚህ በላይ አላነበውም።

ዓመቱን ሙሉ ያስቸገረን ሌላ ነው። ልምምድ ሲጠራ ሁሉም ፔንጉዊኗን አቅፎ ማጠብ ይፈልጋል። ማለቅለቂያው ጋ ግን ሰው የለም።

ነዳጁን ያስለቀቀው ሳሙና ላባው ላይ ከቀረ ያቺ ወፍ አልዳነችም። ላባዎቿ እርስ በርስ ተቆላልፈው ነው ውሃ የማያስገቡት፤ ሳሙና በመካከላቸው ሲቀር ውሃው ቆዳዋ ድረስ ይዘልቃል። ባሕር ላይ ስትለቀቅ በብርድ ታልቃለች። ስለዚህ ከ40 እስከ 41 ዲግሪ የሞቀ ውሃ፣ ግፊት ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከጭራ ወደ አንገት፣ ከላባው ሥር። ብብቷንና አገጯ ሥር አትዝለሉ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እዚያ ነው። ጠብታው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ሲወርድና የውስጡ ለስላሳ ላባ ደርቆ ሲታይ ብቻ ታቆማላችሁ። ውሃው እንደ ካልሲየም ያለ ማዕድን የበዛበት ከሆነ ደግሞ ማዕድኑ ላባው ላይ ተጋግሮ ይቀራል፤ ይህን ማዕድን የሚቀንስ የውሃ ማለስለሻ መሣሪያ የምለምነው ለዚህ ነው።

«ወዲያው እንጠብ» የምትሉም አላችሁ። ችኮላችሁ ይገባኛል፤ ነዳጅ የተለወሰ ወፍ ማየት ያማል። ግን ደክማ፣ ውሃ ጠምቷት፣ ነዳጅ ውጣ የመጣችውን ወፍ ገንዳ ውስጥ ከከተታችኋት እጃችሁ ላይ ትሞታለች። መጀመሪያ ሙቀት፤ ከዚያ በቱቦ ለብ ያለ ፈሳሽ፣ በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር፤ 3 ኪሎ ለምትመዝን 150 መሆኑ ነው። አንድ ሁለት ቀን ትረፍ፣ ከዚያ ትታጠብ።

እ.ኤ.አ. በ2000 «ትሬዠር» መርከብ እዚሁ ኬፕታውን አጠገብ ስትሰጥም 19,000 ያህል ነዳጅ የነካቸው ፔንጉዊኖች ተሰብስበው ከአሥሩ ዘጠኙ ተርፈዋል። ከተማው ቅርብ ነበር፤ መጋዘን፣ የሞቀ ውሃ፣ በሺዎች የሚቆጠር በጎ ፈቃደኛ ነበረ። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 ደግሞ «ኦሊቫ» የተባለች መርከብ ናይቲንጌል ደሴት ላይ ተላትማ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ ነዳጅ ደፋችበት። ናይቲንጌል ያለበት የደቡብ አትላንቲክ ደሴቶች ስብስብ፣ ትሪስታን ዳ ኩኛ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ የለውም፤ ከዚህ በመርከብ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ደሴተኞቹ ያላቸውን ሁሉ አውጥተው፣ የመዋኛ ገንዳቸውን ሳይቀር ሰጥተው፣ ሮክሆፐር የሚባሉ ወደ 3,700 ፔንጉዊኖችን ተቀበሉ። ወደ ባሕር የተመለሱት ከ400 ያነሱ ናቸው። የሰው እጅ አላነሰም። ያጠረው ጊዜ ነው፤ ነዳጁ የወፎቹ ሆድ ውስጥ ቆይቶ ነበር።

ለእንዲህ ያለ ቦታ ተሟልቶ የታሸገ ዕቃ ወደብ ላይ መጠበቅ አለበት፦ የውሃ ማሞቂያ፣ ፓምፕ፣ ማለስለሻ፣ ወፎቹን የደረት ቁስል እንዳይዛቸው የመረብ ወለል። የእኛ ማሞቂያ እስከ ዛሬ አልተገዛም። ገንዘቡ ያልተከፈለ የአባልነት መዋጮ ውስጥ ነው ያለው፤ ሒሳብ ሹማችን ከተናደደ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ዛሬ ላልመጣችሁት፣ ቃለ ጉባኤው ሲደርሳችሁ ይህችን ታነቧታላችሁ፦ ፎቶ የሚነሣው ማጠቢያው ጋ መሆኑን እናውቃለን። የማለቅለቂያው ተረኞች ዝርዝር በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ስድስት መስመር ባዶ ነው። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፣ አይጠፋም።

ጉባኤው ተከፍቷል።