ማቤል ሃምፕተንና የእኛ ለቅሶ ቤት

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ጥቁሮች ታሪክ ወር ትንሽ ተናገሪ ብለውኛል። ማርቲን ሉተር ኪንግንና ሮዛ ፓርክስን በየዓመቱ እንሰማለን። ዛሬ ግን ስለ አንዲት የቤት ሠራተኛ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። እዚህ ዋሽንግተን የሰው ቤት ያላጸዳች እጇን ታውጣ! አያችሁ፣ እንተዋወቃለን።

ማቤል ሃምፕተን ትባላለች። በ1902 ኖርዝ ካሮላይና ተወለደች። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። እናቷ ገና በአራስነቷ ሞተችባት። ያሳደገቻት አያቷም ስታርፍ ኒውዮርክ አክስቷ ጋ ተላከች። እዚያ መከራው ሲበዛባት ጠፍታ ወጣች፤ ገና ሕፃን ሳለች! የማታውቃቸው ሰዎች አስጠጓት።

ስትጎረምስ ኮኒ አይላንድ በሚባለው የኒውዮርክ መዝናኛ ስፍራ ትደንስ ነበር። ልቧ ወደ ሴቶች እንደሚሄድ ታውቃለች። ገና በወጣትነቷ ፖሊስ ሴተኛ አዳሪ ናት ብሎ ያዛት። እስክትሞት ድረስ በሐሰት ነው የተያዝኩት ትል ነበር። ለጥቁር ወጣት ሴት ግን ማን ይሰማል? ቤድፎርድ ሂልስ ማረሚያ ቤት አስገቧት።

ከዚያ በኋላ ሃርለም፣ የኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር። ሴት የሚወዱ ሴቶች የሚገናኙት በየቤቱ በሚደረግ ግብዣ ነበር። በ1932 አውቶቡስ ስትጠብቅ ሊሊያን ፎስተርን አገኘች። ሊሊያን በ1978 እስክታርፍ አልተለያዩም። አርባ ስድስት ዓመት! እዚህ ካለነው ባለትዳሮች ስንቶቻችን እዚያ እንደርሳለን?

እና አሁንም ሴት ሴትን መውደዷ "የፈረንጅ ቅብጠት ነው" ትሉኛላችሁ? ማቤል ፈረንጅ ናት? የሰው ወለል የምትወለውል ሴት ምን ቅብጠት አላት? እኔስ በደርግ ጊዜ ኮልፌ ስጎረምስ ማን ፈረንጅ አስተማረኝ? የማውቀው አንድ ፈረንጅ መርፌ የወጋኝን የሩሲያ ሐኪም ነው!

አዎ፣ እኔም ሌዝቢያን ነኝ። ለአንዳንዶቻችሁ አዲስ ወሬ አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወዳጃችንን ቀበርን። ስሟን አልጠራም። ከማን ጋር ትኖር እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። "ደባሏ" ስትሏት ኖራችኋል። ካንሰሩ ሲጠናባት ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ሌሊት ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደረችው እሷ ናት። ለቅሶው ዕለት የት ነበረች? ወጥ ቤት! ቡና ስታፈላ፣ ሳህን ስታጥብ። ሰዉ ወንድምየውን ያጽናናል። የአክስቷን ልጅ ያጽናናል። ከሲያትል የመጣ፣ ሟቿን በቅጡ የማያውቃት የሩቅ ዘመድ እንኳ "እግዜር ያጽናህ" ተብሏል። እሷን ግን አንዷ ብቅ ብላ "ውሃ አለ?" አለቻት።

ይሄ ነው ባህላችን? ጠላትም ሲሞትበት ይጽናናል እኮ!

ማቤል በ1984፣ በ82 ዓመቷ፣ ኒውዮርክ አደባባይ ወጥታ ዕድሜዬን ሙሉ ሌዝቢያን ነኝ፣ በራሴም በወገኖቼም እኮራለሁ ብላ ተናገረች። ወገኖቼ ያለቻቸው ጥቁሮችንም ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችንም ነው፤ አልለየችም። በ1989 አረፈች። ስለ ሕግና ስለ ቤተ ክርስቲያንም ጽፌ ነበር፤ ለሌላ ቀን ይቆይ።

የወዳጃችን ሙት ዓመት በሚቀጥለው ወር ነው። ተዝካሩን የምታዘጋጁት እዚህ አላችሁ። ያቺ ሴት ወጥ ቤት እንዳትገባ። ፊት ትቀመጥ፤ ሰዉም መጀመሪያ እሷን ያጽናና። አይሆንም የምትል ካለች ከእራት በኋላ ትምጣና ለእኔ ትንገረኝ።