ቅድመ አያቴ የማን ልጅ ነበሩ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ ጩኸት ከሰማችሁ የአራት ኪሎ ታክሲ ነው። መስኮቱን ብዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጠኝም፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

የዛሬው ወሬ ስለ አንድ ሰው ነው። ስለ አባቴ አያት። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ግን ሁለት አባት አላቸው።

ነገሩ የመጣው ፒያሳ ያለው የቤተሰቡ ቤት በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ ነው። ዕቃ ሲሸከፍ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ። ውስጡ የድሮ የቦታ ግብር ደረሰኝ ሞልቷል። ሰው ምን ያስቀምጣል አትሉም? የከተማ ቦታን የመንግሥት ካደረገው ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ከአዋጅ 47 ወዲህ፣ እነዚያ ደረሰኞች ምንም አያደርጉም። ግን አንዱም አልተጣለም። በክር ታስረው ነው የተቀመጡት።

ደረሰኞቹ ላይ የቅድመ አያቴ ስም አለ፣ ቀጥሎ የአባታቸው ስም። እዚህ ድረስ ሰላም። ችግሩ መቃብራቸው ላይ ያለው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ የእሳቸው ስም ያው ነው፣ የአባታቸው ስም ግን ሌላ። የፊደል ልዩነት አይደለም። ፈጽሞ ሌላ ሰው።

ስሞቹን እዚህ አልጠራም። ዘመድ ገና አልተስማማም፣ እኔም ጠብ አልፈልግም። ለመለየት ያህል አንደኛውን የደረሰኙ አባት፣ ሁለተኛውን የመቃብሩ አባት እንበላቸው።

የባሰ አለ። የአባቴ አክስት በሕይወት አሉ። የቅድመ አያቴ ልጅ ናቸው፣ እኔ እማማ ነው የምላቸው። የእሳቸው መታወቂያ ላይ በአያት ስም ቦታ የተጻፈው የደረሰኙ አባት ነው። የታላቅ ወንድማቸው፣ ማለትም የአያቴ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት ላይ ደግሞ የመቃብሩ አባት ተጽፏል። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው እኮ! በወረቀት ብንሄድ ግን ሁለቱ አይተዋወቁም።

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ሲሰማ፣ «በቃ፣ አንዱ ጸሐፊ ተሳስቷል» አለ። ይህ የፈረንጅ አገር ሐሳብ ነው ባይ ነኝ። እዚያ የቤተሰብ ስም አለ፤ ስሙ ከተለወጠ ወይ ስህተት ነው፣ ወይ ጋብቻ፣ ወይ ሰውየው እየተደበቀ ነው። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር መቼ ኖረ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል። ከወጣ ስድሳ ዓመት አልፎታል። እስቲ ፒያሳ ቆማችሁ አላፊ አግዳሚውን «የቤተሰብ ስምህ ማን ነው?» በሉት። «ምን?» ነው የሚላችሁ። ስምህ፣ የአባትህ ስም፣ የአያትህ ስም። ዛሬ ፋይዳም የሚጠይቀው እሱን ነው።

ስለዚህ እኛ ጋ የአባት ስም የሚነግራችሁ ሰውየው ማንን አባቴ እንዳለ ነው። አባት የሚያሰኘው ደግሞ መውለድ ብቻ አይደለም። እንጀራ አባት አለ። ጉዲፈቻ አለ። ጡት መጣባት አለ፤ አዋቂ ሰው ሳይቀር የትልቅ ሰው የጡት ልጅ ይሆን ነበር። አያት ዘንድ ያደገ ልጅ አለ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ አያቱ አባት ተብለው የተመዘገቡ። ይሄኛው እንኳን ሩቅ አይደለም፣ ከምታውቋቸው ሰዎች መካከል አይጠፋም። በዚያ ላይ የክርስትና ስም አለ፣ የፈረስ ስም አለ። ማዕረግም አለ፤ ትናንት ባላምባራስ የተባለው ዛሬ ግራዝማች ነው።

በሰፊው የሚታወቅ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። በ1860 መቅደላ ላይ እንግሊዞች ያገኟቸው ሕፃን ነበሩ። መኮንኖቹ ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፣ እዚያ አደጉ፣ ሕክምና ተማሩ። ስማቸው ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ስሙ የመጣው ካሳደጓቸው መኮንኖች ነው። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዘመዶቻቸው ተገኙ፣ ወርቅነህ መሆናቸውም ታወቀ። ጣሊያን ሲወረን ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ ማለትም የመንግሥት መልእክተኛ፣ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በፋሺስቶች ተገደሉ። አሁን የእነዚህን ልጆች ታሪክ የሚፈልግ ሰው በእንግሊዝኛው መዝገብ ማርቲን ብሎ፣ በእኛው ወርቅነህ ብሎ መፈለግ አለበት። በአንዱ ብቻ ከሄደ ግማሹን ያጣል። ታዲያ ከሁለቱ ስሞች የትኛው ነው ውሸት? አንዱም።

እሺ፣ ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ።

እማማ ዘንድ ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነገሩን አነሳሁባቸው። «እማማ፣ የአባትዎ አባት ማን ናቸው?» ስል ፊታቸው ተለወጠ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ፈልገሽ ነው? የምን ውርስ ነው?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

በኋላ ሳስበው ልክ ናቸው። በእሳቸው ዘመን የዘር ግንድ የሚጠይቅ ሰው ለጨዋታ ብሎ አይጠይቅም። አንድም ለጋብቻ ነው፣ ሰባት ቤት ሊቆጥር። አንድም ለርስት ነው። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባል የለ? ርስት ለመካፈል ከአቅኚው፣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ሰው፣ ጀምሮ ትውልዱን ስም በስም እየጠሩ እስከ ራስ ድረስ ማውረድ ያስፈልጋል። ከዳኛ ፊት ቆሞ፣ ምስክር ጠርቶ። እና ደግሞ፣ ይህቺን ልብ በሉልኝ፣ ርስት በአባትም በእናትም ይወርዳል። በእናቱ በኩል ርስት የሚጠይቅ ሰው ከሚጠራቸው ስሞች ፊተኛው የእናቱ አባት ነው።

በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ያ ሁሉ ክርክር ቆመ። ገበሬው እፎይ አለ፤ ለጭሰኛው ትልቅ ነገር ነበር። ግን ትውልድ ቆጣሪዎቹም ሥራ ፈቱ። መሬት ካላመጣ ማን ዘጠኝ ትውልድ በቃሉ ይዞ ይቀመጣል? እኔ የምፈልገውን የሚያውቁት ሰዎች እነሱ ነበሩ፤ ዕውቀታቸውንም ይዘው ነው የሄዱት።

መጀመሪያ የገመትኩት የመቃብሩ አባት እንጀራ አባት ይሆናሉ ብዬ ነው። ግምቱን ያፈረሱት እማማ ናቸው፣ ሳያስቡት። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስለ ታናሽ እህታቸው አወሩኝ። ሸጋ ልጅ ነበሩ ይላሉ። አንድ ደህና ሰው ሽማግሌ ላከባቸው። ሽማግሎቹ ተቀምጠው ቤት ቆጠሩ። በእህትየው በኩል ሦስተኛው ላይ፣ በልጁ በኩል አራተኛው ላይ ተገናኙ። የተገናኙበት ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የመቃብሩ አባት! ጋብቻው በዚያው ቀረ።

አያችሁ፣ እንጀራ አባት ቢሆኑ የሥጋ ዝምድና የለም፣ ሽማግሎቹ አይከለክሉም ነበር። ደግሞም ሦስተኛው ቤት ላይ። የእህትየው አንደኛ ቤት አባታቸው ናቸው፣ ማለትም ቅድመ አያቴ። የመቃብሩ አባት ወላጅ አባት ቢሆኑ ሁለተኛው ቤት ላይ ነው የሚመጡት። ሦስተኛው ላይ የሚመጡት አያት ከሆኑ ነው።

«እንዲህማ ከሆነ የእናታቸው አባት ናቸው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ታዲያ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? አባባ መንዝ የሚመላለሰው በእናቱ ርስት ለመከራከር አልነበር?» አሉኝ። ልክ ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ነገር!

ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹን ሳያቸው ሌላ ጥያቄ ነው የጠየቅኋቸው። ይህን ስም ማን ተናገረው? ለማን? ደረሰኙን ያስጻፉት ራሳቸው ናቸው፣ ማዘጋጃ ቤት ቆመው። እዚያ ወላጅ አባታቸውን ጠሩ። መቃብሩን ያስጻፉት ደግሞ ከመንዝ የመጡ የእናታቸው ወገኖች ናቸው። ይህንንም የነገሩኝ እማማ ናቸው። ለእነሱ ሰውየው የሚታወቁት በርስቱ ስም ነው፤ ያን ስም ድንጋይ ላይ ማስጻፍም ለክርክሩ ሳይጠቅም አይቀርም። የአያቴ የትምህርት ቤት ወረቀትስ? ያስመዘገባቸው ማን እንደሆነ እማማም አያስታውሱም። ከእናት ወገን የመጣ አጎት ይመስለኛል። ግምት ነው።

እናንተም እንዲህ ዓይነት ነገር ከገጠማችሁ፣ አንዱን ስም መርጣችሁ ሌላውን አትሰርዙ። ወመዘክርም ብትሄዱ በሁለቱም ፈልጉ። ወመዘክር የምለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን ነው፣ በ1936 የተቋቋመውን፤ የድሮ ሰው ሌላ ስም አያውቅለትም። ሀሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ፣ ሁሉንም ሞክሩ። ኃይለ የሚለውን ብቻ ስንት ዓይነት እንደሚጽፉት ብታዩ! ቤተ ክርስቲያን ከሄዳችሁ ደግሞ የክርስትና ስሙን ይዛችሁ ሂዱ፤ ፍትሐቱም ተዝካሩም በእሱ ነው፣ በዓለማዊ ስሙ ብትጠይቁ ማንም አያውቀውም። ከሁሉ በፊት ግን ሽማግሌ ካለ ሽማግሌ ጠይቁ። «አባቱ ማን ነው?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፣ ውርስ ይመስላል። ጋብቻ አንሱ። ማን ማንን ሊያገባ ነበር፣ ለምን ቀረ? ወሬው ራሱ ይመጣል።

የአጎቴ ልጅ አሁንም አንድ ስም ነው የሚፈልገው። ስልኩ ላይ የቤተሰብ ዛፍ የሚሠራ መተግበሪያ አለው፣ ለአባት አንድ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። የደረሰኙን አባት አስገባ አልኩት፣ የመቃብሩን አባት በእናት በኩል አንድ ደረጃ ከፍ አድርግ። «እሺ፣ የእናትየውስ ስም?» አለኝ።

ደረሰኙ ላይ የለም። ድንጋዩ ላይ የለም። መታወቂያ ላይማ ከየት ይመጣል? መሬቱ ሁሉ በእሳቸው በኩል መጥቶ፣ አንድ ወረቀት ላይ እንኳ አልተጻፉም። ለእማማ ደወልኩ። ሳያመነቱ ነገሩኝ፣ ስማቸውን ከነክርስትና ስማቸው። የማን ቤት እንደተዳሩና ስንት እንደወለዱም ጨመሩልኝ። ሁሉንም ለአጎቴ ልጅ ልኬለታለሁ። አሁን ደግሞ የልደት ዘመን ካልሞላህ አላስቀምጥም እያለው ነው መተግበሪያው።

በሉ፣ ለዛሬ ይብቃን። የእናንተ ቤትም እንዲህ ያለ ወሬ ካለ በድምፅ ላኩልኝ፣ ስም ሳትጠሩ። ቻው።